ሦስት እግር ጥላ

የነጅሙዲን ጆሮ በጦርነቱ ጊዜ በመድፍ ድምፅ ከደነዘ ወዲህ ስልክ የሚያወራው በስፒከር ነው። ግቢው ሁሉ ይሰማዋል፤ እሱ ግን ሰው የሚሰማው አይመስለውም። ሚስቱ ፈሪሀ "ኧረ ቀስ በል" ብላ ብላ ሰልችቷት ትታዋለች። እህቱ ዓሊማም ከባሏ ተፋትታ ከተመለሰች ጀምሮ በምትኖርባት፣ አጥሩ ጥግ ባለችው አንድ ክፍል ሆና፣ የወንድሟን የሽንኩርት ድርድርና የመንደሩን እድር የቅሬውን ሐሜት ሳትፈልግ ስትሰማ አራት ዓመቷ ነው። የዚያን ቀን ጧት ግን ፊቷን ልትታጠብ በጆግ ውሃ ይዛ ደጃፏ ላይ ጎንበስ እንዳለች የሰማችው የራሷን ጉዳይ ነበር።

"ፊርማው ስንት ደረሰ?" አለ ነጅሙዲን።

"ሃያ ሦስት" አለ ከስልኩ ውስጥ የወጣው ድምፅ።

"የኔን ከሁሉም በላይ አድርገህ ጻፈው። ወንድሟ ከፈረመባት ሌላው ምን ያመነታል?"

"ብታዝንስ?"

"ትዘን። ይበርድላታል።"

ውሃው በጣቶቿ መሃል ፈሶ አለቀ። በእሷ፣ በስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪዋ ላይ፣ ወላጆች ፊርማ እያሰባሰቡ መሆኑን፣ ነገሩም ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት በትምህርት ቤቱ ስብሰባ እንደሚቀርብ ካወቀች ሳምንት አልፏታል። ማን ማን ሊፈርም እንደሚችል በልቧ ስትቆጥር ከርማለች። ያልቆጠረችው አንድ ሰው ቢኖር ነጅሙዲንን ነው። እንዲያውም የቦዩን ውሃ ለገበሬው የሚያከፋፍለው እሱ ስለሆነ፣ ትናንት "ጋሼ፣ አንተ የውሃ አባት ስለሆንክ ሰው ይሰማሃል፤ መጥተህ አንድ ቃል ተናገርልኝ" ብላ ለምናው፣ "እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ" ብሏት ነበር። መምጣቱንስ ሊመጣ ነው። ከፋት። እንደዚህ የከፋት ባሏ እቃዋን ደጅ አውጥቶ የቆለፈባት ቀን እንኳ አይመስላትም፤ ባል ባዳ ነው፣ ከባዳ ብዙ አይጠበቅም።

ቁርስ ላይ አንድ ትሪ ከበው ተቀመጡ። ፈሪሀ ሻዩን ቀድታ አምባሻውን ቆረሰች። ነጅሙዲን እንደ ሁልጊዜው ከመሃል ያለውን ለስላሳውን ቆርሶ ወደ እህቱ ገፋ አደረገላት። ስኳር ጠፍቶ ሻዩ ጣዕም እንዳጣ፣ ቤንዚን በጥቁር ገበያ እንጂ በማደያ እንደማይገኝ፣ ከቆቦ ትምህርት ቤቷ እስካለበት ሮቢት የባጃጁ አርባ ብር ስልሳ መግባቱን አወራ። "የባጃጅ አለሽ?" አላት። "አለኝ" አለችው። ፊቱን አየችው፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል፤ ነጅሙዲን ግን መሳቅም አላስፈለገው፣ አምባሻ ማቀበል ብቻ በቃው። እሷም የሰማችውን ዋጥ አድርጋ፣ ሻዩን ሳትጨርስ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች።

ባጃጁ ውስጥ ከሁለት ነጋዴዎችና ከአንድ ጆንያ ሽምብራ ጋር ተጣብቃ ስትሄድ ነገሩ እንዴት እንደ ጀመረ አሰበች። ሒሳብ ማስተማር ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ስምንቱን ዓመት ያስተማረችው እንደ ተማረችው ነው። ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፤ ልጆቹ በኅብረት ያነቡታል፤ ይገለብጡታል፤ ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ከፈተና ማግስት ይረሱታል። አንድ ቅዳሜ ጎብዬ ገበያ ወርዳ፣ ክፍል ውስጥ ተመጣጣኝነት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቃው አፉ የተሳሰረ ልጅ የእናቱን ቲማቲም ሲሸጥ አየችው። አንዱ ኪሎ ይህን ያህል ከሆነ ሦስት ከሩቡ ስንት እንደሚመጣ ጠያቂው ቃሉን ሳይጨርስ ይመልሳል። ቤቷ ተመልሳ ሌሊቱን ስታስበው አደረች። ልጁ ሒሳብ ሳይችል ቀርቶ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ የምታስተምረው ነገር እሱ የሚያውቀው ሒሳብ መሆኑን የነገረው የለም። ከዚያ ወዲህ ቀመር ቀድማ መጻፍ ተወች። መጀመሪያ ነገሩን ታሳያቸዋለች፣ ያሰላስሉታል፣ ይከራከሩበታል፣ ይሳሳታሉ፤ ቀመሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ያውም አብዛኛውን ጊዜ ከልጆቹ አፍ።

ከሁሉ የወደደችው የጥላውን ትምህርት ነበር። ከጎሊና ወንዝ በተጠለፈው ቦይ የጧቱ ውሃ የሚከፋፈለው በጥላ ነው። የውሃ አባት የሆነው ሰው ሜዳ ላይ ባዶ እግሩን ይቆምና የጥላው ራስ የደረሰበትን ምልክት አድርጎ፣ ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያገጣጠመ በራሱ እግር ይለካዋል። ጥላው አሥራ ሁለት እግር ሲሆን ውሃው ለመጀመሪያው ተራ ይለቀቃል፤ ዘጠኝ ሲሆን ለሁለተኛው፤ ስድስት ሲሆን ለሦስተኛው፤ ሦስት ሲደርስ ይዘጋና የቀረው ቀን የታችኛው ሰፈር ነው። ለሁሉም ሦስት ሦስት እግር፤ እኩል። ይህን ያስተማሯት አባቷ ሼህ ታሂር ናቸው፣ አላህ ይዘንላቸው። ቦዩን ያስቆፈሩትም፣ ተራውን የደለደሉትም፣ እስኪሞቱ ድረስ የለኩትም እሳቸው ነበሩ፤ ከእሳቸው በኋላ ነጅሙዲን ተተካ። ዓሊማ ቁጥር የለመደችው በአባቷ እግር ነው። ስለዚህ ልጆቹን ሜዳ አውጥታ "ረጅምና አጭር ሰው፣ እያንዳንዱ በራሱ እግር ጥላውን ሲለካ ቁጥሩ ለምን አንድ ይሆናል?" ብላ ጠየቀቻቸው። ቁመታቸውንና እግራቸውን ሲለካኩ ውለው፣ የሰው ቁመት ከነልዩነቱ የራሱን እግር ስድስት ተኩል ያህል መሆኑን ራሳቸው ደረሱበት። ወላጆቹም ያን ጊዜ ወደዱላት፤ "የአባቶቻችንን ዕውቀት አከበረችልን" ተባለ።

ነገር የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጥላው ሦስት ሦስት እግር ሲያጥር ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ በስልክ እየያዙ ግራፍ እንዲሠሩ አዘዘቻቸው። ቀላል ልምምድ ነበር፤ መልሱ ቀጥታ መስመር እንደሚሆን እርግጠኛ ስለነበረች መስመሩን ቀድማ ሰሌዳው ላይ አስምራው ነበር። የእትዬ የሺ ልጅ መቅደስ፣ በክፍሉ ውስጥ ዝምተኛዋም ጎበዟም እሷው ናት፣ ጠመኔውን ይዛ ቆማ ቆማ "ቲቸር፣ ነጥቦቹ መስመሩ ላይ አልቀመጥ አሉ" አለች። ዓሊማ ልጆቹ የተሳሳቱ መስሏት ሦስት ጧት አስደገመቻቸው። ያው ነው። ጧት ፀሐይ ዝቅ ስትል ጥላ በሩጫ ያጥራል፤ ወደ ቀትር ሲጠጋ ይንቀራፈፋል። የመጀመሪያው ተራ ሦስት እግር ሠላሳ አንድ ደቂቃ ነው። የሁለተኛው ተራ ሦስት እግር አርባ ስምንት። የሦስተኛው ተራ ሦስት እግር ሰባ ሰባት። የመጀመሪያው ተራ የነእትዬ የሺ ነው፤ ሽንኩርታቸው በየዓመቱ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተራርቆ የሚበቅለው "መሬቱ ደክሞ ነው" ሲባል የኖረው። ሦስተኛው ተራ የዓሊማ ቤተሰብ ነው። ልጆቹ ቁጥሩን ደብተራቸው ላይ ጽፈው ወደየቤታቸው ወሰዱት፤ በሁለት ቀን ሮቢት ሁሉ ሰማው።

ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ላይ ዳይሬክተሩ ኤፍሬም እየጠበቃት ነበር። ቢሮው አስገባት። ከጦርነቱ ዘረፋ የተረፈው ጠረጴዛ መሳቢያ የለውም፤ ወረቀቱን ሁሉ በድንጋይ ነው የሚጭነው። ከድንጋዩ ሥር የፊርማውን ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። "ልጆቻችን ክልላዊ ፈተና ደርሶባቸው ሳለ መምህርቷ ሜዳ ለሜዳ እያንከራተተች፣ ከመጽሐፉ ውጭ የሆነና ሕዝብን የሚያጋጭ ነገር..." ይላል። ከላይ ነጅሙዲን ታሂር። ወረድ ብሎ ብዙ ስም። ከመሃል ከሐምራዊ የአውራ ጣት አሻራ አጠገብ፣ የሺ። ዓሊማ የወንድሟን ስም አልፋ አሻራው ላይ ብዙ ቆየች።

"አንዲት ወረቀት ብቻ ናት" አለ ኤፍሬም። "የተሳሳተ ነገር አስተምሬያለሁ፣ ከእንግዲህ ከመጽሐፉ አልወጣም ብለሽ ትፈርሚያለሽ። ስምንተኛ ክፍልም ያንቺ ሆኖ ይቀጥላል። እምቢ ካልሽ አንደኛ ክፍል እንድሰጥሽ ነው የተነገረኝ።"

"ቁጥሩ ተሳስቷል ወይ?"

"አልተሳሳተም። እኔም እሑድ ዕለት ሄጄ ለክቼዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ቁጥር አይፈርምም፣ ቲቸር ዓሊማ።"

ኤፍሬም ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር መጣላት ይቻላል። የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ገባች። ልጆቹ ወሬውን ሰምተዋል፤ ሁሉም ደብተሩ ላይ አቀርቅሯል። መቅደስ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት ከፊት ወንበር ተነሥታ ኋላ ግድግዳው ጥግ ተቀምጣለች። ዓሊማ ለምን ብላ አልጠየቀቻትም። አንዲት የክፍልፋይ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፈችና እስኪደወል ድረስ በዴስኮቹ መሃል ስትመላለስ ቆየች። አራት ሰዓት ላይ ሁለት ባዶ ክፍለ ጊዜ ስለነበራት ጫማዋን አጥብቃ አሰረችና በእግሯ ወደ ቦዩ ወረደች።

ነጅሙዲን ሱሪውን ጠቅልሎ፣ አካፋውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ የሽንኩርቱ መደብ ዳር ቆሟል። ተራው የራሱ ነበር። ውሃው ከቦዩ እየተገላበጠ ይገባል፤ መደቡ ከዳር እስከ ዳር ጠግቦ ያብረቀርቃል። ከቦዩ ማዶ ያለው የእትዬ የሺ መደብ ግማሹ ረጥቦ ግማሹ ነጭ አፈር ነው። ዓሊማ ይህን ሜዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታየው ኖራ ዛሬ እንዳየችው አይታው አታውቅም።

"ፈርመህብኛል፣ ጋሼ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ስልክህ።"

ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። አካፋውን መሬት ተከለ። ይክድ ይሆናል፣ ይቆጣ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ እሱ ውሃውን እያየ፣ ስለ ገበያ እንደሚያወራ ሰው፣ "ልጆቹ ጎበዞች ናቸው" አለ። "ሰባ ሰባት ነው ያሉት? አባዬም ሰባ ስድስት፣ ሰባ ሰባት ነው ያለው።"

ዓሊማ የሰማችውን ነገር ጆሮዋ ቢሰማውም ልቧ አልቀበል አለ። "አባዬ?" አለች።

"ያቺን ሰንሰለቷ የተበጠሰ ሰዓት አታስታውሻትም? ከአላማጣ ነው የገዛት፣ ተራው ከመደልደሉ በፊት። አንድ ወር ሙሉ ጧት ጧት እየወጣ ጥላውን ከሰዓቷ ጋር ሲያስተያይ ከረመ። እኔ ነበርኩ ቁጥሩን የምይዝለት። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ጧቱን ለኔ፣ ጧቱን ለኔ እያለ ይጣላ ነበር፤ የመጀመሪያ ውሃ በረካ አለው እያለ። አባዬ ከሽማግሌው መሃል ተነሣና 'እናንተ ቅደሙ፣ ለኔ መጨረሻው ይበቃኛል' አለ። ወላሂ፣ ያልመረቀው ሰው አልነበረም።"

ያን ታሪክ ታውቀዋለች። የማያውቀው የለም። በሰርጉም በለቅሶውም፣ ሼህ ታሂር ጧቱን ለጎረቤት ትተው መጨረሻውን የመረጡ ሰው ተብለው ሲወደሱ ነው ያደገችው። በቀብራቸውም ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያንኑ እየጠራ አልቅሷል። እሷም ለልጆቹ ስለ ጥላው ስታስተምር "ይህን ያስተማረኝ አባቴ ነው" ብላ የጀመረችው ደረቷን ነፍታ ነበር። አሁን ቦዩ አፋፍ ላይ ቁጭ አለች።

"ታውቅ ከነበረ ለምን ዝም አልክ?"

"ለመብላት። አንቺም ስትበይ ነበር፤ ልዩነታችን የኔ ማወቅ ነው። ደሴ ሦስት ዓመት የተማርሽው በምን ይመስልሻል? መሬታችን ሰፊ ስለሆነ ነው? የእትዬ የሺም መሬት ስፋቱ እንደኛው ነው።" ወደ እሷ ዞሮ ቁልቁል አያት። "ስለ ትምህርቱ የፈለግሽውን ተናገሪ፤ አልከለክልሽም። አባዬን በሰው ፊት ካነሣሽው ግን ያቺን ክፍል ዛሬውኑ ለቀሽ ትወጫለሽ። እህቴ ነሽ ብዬ አልምርሽም።"

ድምፁን ከፍ አላደረገም። ደነዝ ጆሮ ያለው ሰው እንዲህ በለሆሳስ መናገሩ እሷን ከጩኸት ይልቅ አስፈራት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሸሚዙን ኪስ ዳበሰና ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየ። ጥላውን አልለካም፤ ዓሊማ መሄጃዋ ላይ ያስተዋለችው ይህንን ነው። ለራሱ ብቻውን ሲሆን በደቂቃ ነው የሚያስበው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወላጆቹ ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ። ትልልቅ ሰዎች በልጆች ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ሲቀመጡ ያሳዝናሉም ያስቃሉም፤ ቦታ ያጡት ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። እትዬ የሺ ነጠላቸውን እስከ አፋቸው ተከናንበው በር አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸው አጠገባቸው ቆማለች። ኤፍሬም ፊርማውን አነበበ። አንድ ግንበኛ አባት ተነሥቶ "እኔ ከመምህርቷ ጠብ የለኝም። ፈተናው ላይ ግን ጥላ አይጠየቅም፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ነው የሚጠየቀው። ልጄ ሀን ከለ የሚለይበትን ታስተምርልኝ፤ ለጥላው ከትምህርት በኋላ ይደርስበታል" አለ። ዓሊማ ይህ ሰው እውነቱን መሆኑን አላጣችውም። ፈተናውን እሷ አላወጣችውም፤ ልጁ ካልተሸጋገረ የሚቀጣው እሱ ነው። ሌሎቹ ግን ስለ ፈተና እያወሩ ዓይናቸው ነጅሙዲን ላይ ነበር።

ተራው ሲደርሳት ብዙ አላወራችም። "ልጆቹን ምንም አዲስ ነገር አላስተማርኳቸውም" አለች። "እንዲለኩ ነው ያልኳቸው። ተሳስተው ከሆነ ነገ ጧት ሁላችሁም ስልካችሁን ይዛችሁ ቦዩ ዳር ኑና አብረን እንለካ። ከተሳሳትኩ ያን ጊዜ እፈርማለሁ።" አንድ ሽማግሌ ከወደ ኋላ "በአባቶች ጥላ ላይ ስልክ አናስፈርድም" አሉ፤ ብዙ ራስ ተነቀነቀ። ነጅሙዲን ያን ጊዜ ነው የተነሣው። እህቱን ሳያይ፣ በትሕትና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ምን ያጨቃጭቀናል፣ ልጆቹ ራሳቸው ይናገሩ። የእትዬ የሺ ልጅ በሒሳብ የሚያህላት የለም ይባላል፤ ቁጥሩንም ያመጣችው እሷ ናት አሉ። እሷ ትንገረን" አለ።

መቅደስ ወደ ሰሌዳው ወጣች። ዓሊማ ደስ አላት፤ ይህን በኋላ ስታስበው ከሁሉ ያቃጠላት ያ ደስታዋ ነው። ከሕዝቡ መሃል ቢያንስ አንዲት ሰው የምታውቀውን ትናገራለች ብላ ተስፋ አደረገች። ኤፍሬም ጉሮሮውን ጠርጎ "የጧቱ ሦስት እግርና የረፋዱ ሦስት እግር እኩል ነው ወይስ አይደለም?" አላት። ልጅቱ እናቷን አየች። እትዬ የሺ መሬት መሬት ያያሉ። መቅደስ እጇን ከኋላዋ አጣምራ፣ ድሮ ቀመር በኅብረት በሚያነቡበት ድምፅ፣ "እኩል ነው" አለች።

ክፍሉ ተነፈሰ። አንድ ሰው "ይኸው" አለ። ዓሊማ ልጅቱ ውሸታም እንዳልሆነች ታውቃለች፤ ያንን ሁሉ ጧት ጥላ ላይ ጎንበስ ብላ ስትቆጥር አይታታለች። ግን ብታውቅም ማመሙ አልቀረም። አፏ ላይ የአባቷ ነገር መጥቶ ቆሞ ነበር፤ አንድ ቃል፣ ስለዚያች ሰዓት አንድ ቃል ብትናገር ክፍሉ ሁሉ ይናወጣል። የነጅሙዲንን ፊት አየች፣ ያቺን ክፍሏን አሰበች፣ የአባቷን መቃብር አሰበች፤ ዋጠችው። ኤፍሬም ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ሲያቀርብላት "የተሳሳተ ነገር አላስተማርኩም፤ አልፈርምም" አለች፤ የቻለችው ይህችኑ ነው። እጅ ይውጣ ተባለ። መጀመሪያ የወጣው እጅ የነጅሙዲን ነበር። ከሰኞ ጀምሮ አንደኛ ክፍል እንድታስተምር በቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ለስምንተኛ ክፍል ያለፈው ዓመት የፈተና ወረቀት የሚያስሸመድድ ሌላ መምህር እንደሚፈለግ ተነገረ። ሰው እየተንጠባጠበ ወጣ። ነጅሙዲን በሩ ላይ ቆም ብሎ "ባጃጅ ይዤ እጠብቅሽ?" አላት። ቀና ብላ ሳታየው "ሂድ" አለችው።

ሰሌዳውን አጽድታ፣ የጠመኔ ብናኝ ከእጇ አራግፋ ስትወጣ እትዬ የሺ ከአጥሩ ውጭ ካለው ቁርቁራ ሥር ቆመው እየጠበቋት ነበር። መቅደስ ራቅ ብላ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። እትዬ የሺ ጉንጯን ሊስሟት ቃጡና ፈሩ።

"ልጄን አትቀየሚብኝ" አሉ። "እኔ ነኝ እንዲያ በይ ያልኳት። ለቦይ ጠረጋው የምልከው ወንድ የለኝም፤ ይህንን ሰበብ አድርገው፣ ካልፈረምሽ ተራሽ ለሌላ ይሰጣል አሉኝ። ምን ላድርግ፣ ዓሊሜ?"

"አልቀየምኳትም። ግን ተራዎ እኮ ሠላሳ አንድ ደቂቃ ናት፣ እትዬ የሺ። እኛ ዘንድ ሰባ ሰባት ናት። እንዳይነጥቁዎ የፈሩት ቀድሞ የተነጠቀ ነገር ነው።"

እትዬ የሺ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ሕፃን የሚያባብሏት ነበር የሚመስሉት። "ልጅቱም ቁጥሩን ታሳየኛለች፤ እኔ ግን አላምንም። ስልክ ሰው የሠራው ነው። ባሌ በሞተ ጊዜ ጧት ጧት እየመጡ ተራዬን የሚለኩልኝ ማን ነበሩ? አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና። ብርድ ነው፣ ጤዛ ነው አይሉም፤ ጫማቸውን አውልቀው ተረከዛቸውን ከጣታቸው እያገጣጠሙ፣ እኔም አጠገባቸው ቆሜ አብሬያቸው እየቆጠርኩ። አንድም ቀን ከሦስት እግር አጉድለውብኝ አያውቁም። ያ እጅ ሊሰርቀኝ ነው?"

ዓሊማ ዝም ብትል ትችል ነበር። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ዝም ብላለች፤ አሁንም ዝም ብትል የሚያውቅባት የለም። ግን እኚህ ሴትዮ በሠላሳ አንድ ደቂቃ ውሃ ልጅ ያሳደጉ ናቸው፤ ምስጋናቸውም በዚያው ልክ የተሰረቀ መሰላት፤ ይህንን እንኳ ልትመልስላቸው ፈለገች። እጃቸውን ያዘች።

"አባዬ ያውቅ ነበር" አለች። "ሰዓት ነበረው። ተራው ከመደልደሉ በፊት ለክቶታል። ለዚህ ነው መጨረሻውን የመረጠው። ነጅሙዲን ዛሬ በአፉ ነገረኝ።"

እትዬ የሺ መጀመሪያ የሰሙ አልመሰሉም። ከዚያ እጃቸውን ከእጇ ቀስ አድርገው አወጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፍፈው እንደገና አጣፉት።

"እኚያን ሰው" አሉ። "ከመቃብር አውጥተሽ? የገዛ አባትሽን?"

"እትዬ የሺ፣ እኔ..."

"ያን ወረቀት ሲያመጡብኝ አውራ ጣቴን ይዘው ነው ያስነኩኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ የልጄን አስተማሪ በደልኩ ብዬ። ዛሬም እዚህ የቆምኩት ይቅር በይኝ ልልሽ ነበር።" ድምፃቸው አልጮኸም። "አሁን ቀለለኝ። አባቷን የምታማ ሴት ልጄን እንድታስተምርብኝ አልሻም። ያን ወረቀት ደግመው ቢያመጡት ማንም እጄን ሳይዘኝ፣ በፈቃዴ እፈርማለሁ።"

ወደ ልጃቸው ዞረው "ተነሽ፣ እንሂድ" አሉ። መቅደስ ተነሣች። ሁሉንም ሰምታለች። ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓሊማን ቀና ብላ ሳታያት፣ ከእናቷ ኋላ ኋላ ወደ ቦዩ የሚወስደውን መንገድ ይዛ ወረደች።